ስለ ፀሐይ ጨረር ስንጽፍ ማንን እንጥቀስ?

አገራችን «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር» ናት የሚለው የቱሪዝም መፈክር እጅግ ከመለመዱ የተነሣ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር እንደ ማስረጃ ተጠቅሶ እናገኘዋለን። መፈክር ግን ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይኸንኑ መፈክር በርእሱ ላይ አስቀምጦ፥ በአዳማ ከተማና በአካባቢው ገጠር ከተመረመሩት ተማሪዎች መካከል 42 ከመቶ የሚሆኑት የቫይታሚን «ዲ» እጥረት እንዳለባቸው፥ ይልቁንም እጥረቱ በከተሜዎቹ ላይ እንደሚብስ አመልክቷል። ስለ ፀሐይ ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው ነገር ሲመረመር እንዲህ ያስገርማል። ስለዚህም ስለ አልትራቫዮሌት ጨረር ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ለታዘዙ ጓደኞቻችን፥ ስለ ምንጭ አፈላለግና አጠቃቀስ ጥቂት ልንል ወደድን።

ለምሳሌው ሩቅ ሳንሄድ ለገሃርን እንውሰድ። በእኩለ ቀን በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈ ሰው፥ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይቱ የማትጎዳ ትመስለዋለች። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም መንገደኛውን ከጅቡቲ ቃጠሎ አውጥቶ እዚህ ሲያደርሰው «ከፀሐይ ተገላገልሁ» ማሰኘቱ አይቀርም ነበር። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ግን ለየቅል ናቸው። አልትራቫዮሌት የሞገዱ ርዝመት ከ100 እስከ 400 ናኖሜትር የሆነ፥ ዐይን የማያየው፥ ቆዳም እንደ ሙቀት የማይሰማው ጨረር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ እንደ ተገለጸው፥ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ከ10 እስከ 12 ከመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ሌላው ሁኔታ ሁሉ እኩል ቢሆን፥ ለገሃር ላይ የሚወርደው ጨረር በወደቡ ላይ ከሚወርደው በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ 10 እና 12 የመመሪያው ቁጥሮች ናቸው፤ «ሩብ» ግን የእኛ ሒሳብ ነው። በጽሑፋችሁም ውስጥ የተጠቀሰውና የተሰላው በዚሁ ዐይነት ተለይቶ ሊታይ ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ስሕተት ከትርጉም የሚመጣው ነው። የውጭ አገር ጽሑፎች «ከ10 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፀሐይ ተጠለሉ» ብለው ይመክራሉ። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ የገለበጠ ሰው፥ አንባቢውን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጥላ ሥር አስቀምጦ በቀትር ወደ ሜዳ ይሰደዋል! ትክክለኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። እንግዲህ ምንጩ በደንብ ተጠቅሶ፥ የገጹም ቁጥር ሳይሳት፥ ምክሩ ብቻ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል።

ሐሰተኛ ቁጥር እንዴት እንደሚወለድ ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፥ የግማሽ ያህሉም ምክንያት የዐይን ሞራ መሆኑን ገልጿል። የዓለም የጤና ድርጅት በበኩሉ፥ በዓለም ላይ በዐይን ሞራ ከሚመጣው ዓይነ ስውርነት እስከ 20 ከመቶ የሚደርሰው በፀሐይ የመጣ ወይም የተባባሰ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። አንድ የቸኮለ ተማሪ ሁለቱን ያባዛና «በኢትዮጵያ ከአሥር ዓይነ ስውራን አንዱን ያሳወረችው ፀሐይ ናት» ይላል። ሁለተኛው ተማሪ ከመጀመሪያው ይወስዳል፤ ሦስተኛው ዘንድ ሲደርስ «ጥናቶች እንዳረጋገጡት» ይሆናል። ነገር ግን ከሁለቱ ምንጮች አንዱም ይህን አላለም። የመጀመሪያው የዓይነ ስውርነቱን ምክንያት በበሽታ ዐይነት ለየ እንጂ ሰዎቹ ስንት ዘመን በፀሐይ እንደ ዋሉ አልለካም። ሁለተኛው «እስከ» እና «ሊሆን ይችላል» የሚሉ ቃላት አሉበት። ቅጅ ከቅጅ ሲቀዳ አስቀድመው የሚረግፉት እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሌላው የጠቀሰውን ከመጥቀስ በፊት ዋናውን ገልጦ ማንበብ ግዴታ ነው፤ ዋናው ካልተገኘም «እገሌ እንደ ጠቀሰው» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም።

ምንጩ ስለ ማን እንደ ተጻፈም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 የፀሐይን ጨረር በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። ይህ ምደባ የማስረጃውን ጽናት ይናገራል እንጂ አደጋው ለእያንዳንዱ ሰው ምን ያህል እንደ ሆነ አይናገርም። ስለ ቆዳ ካንሰር የሚነገሩት አብዛኞቹ ቁጥሮች ነጭ ቆዳ ካላቸው ሕዝቦች የተሰበሰቡ ናቸው፤ የአውስትራሊያን ቁጥር አምጥቶ ለገሃር ላይ መለጠፍ ሰውን በከንቱ ማስፈራራት ነው። በአንጻሩም «ጥቁር ሰው ፀሐይ አይነካውም» ብሎ መደምደም አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን መርሳት ይሆናል። ለእነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሰፊ ባርኔጣ፥ እጀ ረጅም ልብስና የመከላከያ ቅባት ጌጥ አይደሉም። ቅባቱ ላይ የታተመው 30 ወይም 50 እንኳ የሚለካው በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ሲቀባ ነው፤ ይህን ሳይጨምር ቁጥሩን ብቻ የጠቀሰ ሰው፥ ስስ አድርጎ የሚቀባውን አንባቢ ያታልለዋል።

በለገሃር አስፋልት ዳር ከሚሸጡት የፀሐይ መነጽሮች አንዳንዶቹ «ዩ ቪ 400» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ያግዳል ለማለት ነው፤ ማን እንደ ለካው ግን ወረቀቱ አይናገርም። መስተዋቱ የጠቆረ ሆኖ ጨረሩን የማያግድ ከሆነ ደግሞ፥ በጨለማው የዐይን ብሌን ስለሚሰፋ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። በመሣሪያ የተለካ ከሆነ ልኩ ይጠቀስ፤ ካልተለካ «ተለጥፎበታል» ብቻ ይባል።

ስለ ስምና ስለ ዘመን አንድ ቃል እንጨምር። በፈረንጆቹ ሥርዓት የአባት ስም ይቀድምና የራስ ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፥ ሀ.» ቢባሉ ማን ያውቃቸዋል? ስለዚህ በውጭ መዝገብ ስትፈልጉ በአባት ስም ፈልጉ፤ በራሳችሁ የዋቢ ዝርዝር ላይ ግን የኢትዮጵያዊውን ስም ከራሱ ጀምራችሁ ሙሉውን ጻፉ። የዘመን አቆጣጠሩንም አትለፉት፤ ከላይ ያነሣነው የዐይን ጥናት በእኛ 1998 ዓ.ም. ላይ የዋለ ስለሆነ፥ «1998» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። የአገር ውስጥ መጽሔቶችን ለመፈለግ ከለገሃር እምብዛም ወደማይርቀው ወመዘክር የምትሄዱ ከሆነ የመጽሔቱን ስም፥ ቅጽና ቁጥር አስቀድማችሁ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።