ሳንባው ያው ነው፤ ትምህርቱ ለምን ይከለሳል?

ጥያቄ፦ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ፤ ወደ ሳንባ ሕክምና መግባት አስባለሁ። ሥርዓተ ትምህርቱ በየጊዜው መከለሱ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ አስምን እንውሰድ። ቀለል ያለ አስም ላለበት ሰው ሳልቡታሞል ብቻ ማዘዝ ለዓመታት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ፣ ጂና፣ ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ይህን ማበረታታት አቆመ፤ የሚተነፈስ ስቴሮይድ እንዲታከል መከረ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ቀድሞ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይታከም ነበር፤ ከ2022 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ ታካሚዎች የ6 ወር ሕክምና ይመክራል።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ላይ መጨመር ቀላል ነው። የሚከብደው የእጅ ሥራው ነው፦ የሳንባ አልትራሳውንድ ይግባ ሲባል መሣሪያውም፣ አሠልጣኙም፣ ልምምዱም አብረው ካልተገኙ ዋጋ የለውም። እኔ ብሆን ፈተናውንም አብሬ እቀይር ነበር፤ ሬዚደንት የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።