ማብረድም ሥራው ነው

እቱ፣ ስልክሽ ላይ የከፈትሽውን ማስታወቂያ ከትከሻሽ በላይ ሆኜ አነበብኩት። «የበሽታ መከላከል አቅምዎን ያጠናክሩ» ይላል። አትግዢው። ጤነኛ ሰው ቢገዛው የሚከስረው ገንዘቡን ነው፤ ሉፐስ ላለባት ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያንቺ መከላከያ አቅም አላነሰውም። አቅሙ ተርፎት ነው የገዛ መገጣጠሚያሽን፣ ቆዳሽንና ኩላሊትሽን የሚነካው። የጎደለው ማቆሚያ ነው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን ያዘዘልሽም ለዚሁ ነው፤ አንቺ ደግሞ ትናንት ማታ «ፊቴ አብጦ ሰው መምሰል አቃተኝ፣ ልተወው ነው» ስትይ ሰምቼሻለሁ። ሻይሽን ያዢና አጠገቤ ቁጭ በይ፤ ክኒኑን ከመተውሽ በፊት ምን እንደምትተዪ ልንገርሽ።

እኛ ዘንድ መከላከያ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ውጊያውን ነው። ጉንፋን ሲይዘን ዳማከሴ ይታሻል፣ ዝንጅብል ይፈላል፤ ኮቪድ የገባ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንዴት እንደተወደደ ታስታውሻለሽ። «ከተዋጋ በኋላስ ማን ያበርደዋል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሽንኩርት ስትከትፊ ቢላው ጣትሽን ሲያገኘው ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሟሽሻል። ይህ የሚሆነው ሰውነትሽ ደክሞት እንዳይመስልሽ። ለውጊያው የተጠሩት ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሌሎች ሴሎች የሞተውን እየበሉ ያጸዳሉ፤ «በቃ» የሚል ኬሚካል ይረጫል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶልም ያግዛል። ከጀሞ በኩል ድንጋይ ጭኖ የሚከንፈውን ሲኖትራክ ስታዪ ስለ ሞተሩ ጉልበት ተጨንቀሽ አታውቂም፤ የሚያስጨንቅሽ ፍሬኑ ነው። መከላከያችንንም እንደዚያ እዪው።

ይህ ፍሬን የት እንዳለ ለማወቅ ሳይንቲስቶቹም ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ደረታችን ውስጥ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች፤ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ያድጋሉ። የራስን አካል የሚያጠቁት አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ፤ የሚያመልጡ ግን አሉ። በእኔም ደም ውስጥ፣ በጎረቤታችንም ደም ውስጥ ይዞራሉ። ታዲያ ሁላችንም ያልታመምነው ለምንድን ነው? ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 መልሱን አሳየ፤ ሌሎቹን ሴሎች የሚቆጣጠሩና የሚያረጋጉ የቲ ሴል ዓይነቶች አሉ። አሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስደል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእነዚህ ሴሎች የሚያስፈልገውን፣ ፎክስፒ3 የሚባለውን ዘረመል አገኙ። ይህ ዘረመል የተበላሸባቸው ሕፃናት፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ገና በጨቅላነታቸው አንጀታቸው፣ ቆዳቸውና ጣፊያቸው አጠገብ ያለው ኢንሱሊን የሚያመነጨው ዕጢ በገዛ መከላከያቸው ይጠቃል። ሦስቱ በ2025 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። የካንሰር ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የካንሰሩ ዕጢ እነዚህን አረጋጊ ሴሎች ሰብስቦ ይሸሸግባቸዋል። ስለዚህ «መጨመር ነው ወይስ መቀነስ?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የለም። ማስታወቂያው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ እንዳይመስልሽ። ነገሩ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ነው። አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የኖርዌዩ ሐኪም ነው። ሥጋ ደዌን ልጅ ሆነን የምናውቀው በልመና ጣሳና በተቆረጠ ጣት ነበር፤ ሰውም እርግማን ይለው ነበር። ባክቴሪያዋ ግን እጅግ ዘገምተኛ ናት፤ አንድ ጊዜ ለመባዛት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። በአብዛኛው ነርቭን የሚጎዳው መከላከያው እሷን ለመምታት የሚያስነሳው ቁጣ ነው።

ተመልከቺ፣ ያው አንድ ባክቴሪያ ነው፣ የሰው መልስ ግን ይለያያል። መከላከያው ጠንክሮ የሚመታለት ሰው ቆዳው ላይ አንድ ሁለት የደነዘዘ ንጣት ይኖረዋል፤ ባክቴሪያውም እምብዛም አይገኝም፣ ነርቩ ግን አብሮ ይመታል። መከላከያው ችላ ያላት ሰው ደግሞ መላ ቆዳው በባክቴሪያ ይሞላል። በመካከል ያሉት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። የመከላከያቸው ሚዛን በድንገት ይገለበጥና ንጣቱ ቀልቶ ያብጣል፣ ክርኑ አካባቢ ያለው ነርቭ ይታመማል፣ በቀናት ውስጥ እጅ ሊሰንፍ ወይም እግር ሊጎተት ይችላል። ያኔ የሚሰጠው መድኃኒት ምን ይመስልሻል? ያንቺው ፕሬድኒሶሎን። ቶሎ ከተጀመረ የሰነፈው እጅ የሚመለስበት ዕድል አለ፤ ወራት ካለፉ ግን ያስቸግራል።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ይህኛው ካንቺ በሽታ ጋር ይቀራረባል። ሰውየው መድኃኒቱን እየወሰደ ወይም ጨርሶም ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያዎቹ ሞተዋል። በድንገት ትኩሳት፣ ቆዳ ሥር የሚያምሙ እብጠቶች፣ የዓይን መቅላት ይመጣበታል። መከላከያው ከሞተው ባክቴሪያ ስብርባሪ ጋር እየተጣላ ነው። በሉፐስም መከላከያሽ የሚጣላው በየቀኑ በወጉ ከሚሞቱት የራስሽ ሴሎች ጋር ነው፤ ቅሪታቸው በጊዜ ስለማይጸዳ እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትባቸዋል፤ ያ ተጣብቆ ኩላሊት ላይ ይከማቻል። ከሥጋ ደዌ ሕሙማኑ መካከል ትኩሳቱ ሲነሣ «መድኃኒቱ ገደለኝ» ብለው የሚያቆሙ አሉ። ፀረ ኤችአይቪ የጀመሩ ሰዎችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲሁ የሚብስባቸው አሉ፤ ያንሰራራው መከላከያ ተደብቆ የኖረውን ቲቢ አግኝቶ ሲቆጣ ነው። «ባሰኝ» ማለት ሁልጊዜ መድኃኒቱ ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ለሐኪሙ ሳትነግሪ ማቆም ግን ሁልጊዜ አደጋ አለው።

ፕሬድኒሶሎን ንጹሕ ወዳጅ ነው ብዬ አላታልልሽም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የአለርትን ሕሙማን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት ያ ሁለተኛው ዓይነት ቁጣ ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚሞቱት ከሌሎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደሚበልጡ አይቷል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደው ስቴሮይድም፣ ማለትም የነፕሬድኒሶሎን ወገን፣ ተጠያቂ ሆኗል። ለዚህ ነው እዚያው አለርት ሌሎች መድኃኒቶች የተሞከሩት። ለዚህም ነው ሐኪምሽ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የጨመረልሽ፤ ቀስ ብሎ የሚሠራና ፕሬድኒሶሎኑን ለመቀነስ የሚረዳ ነው። እሱን አትዝለዪ። ዓይንሽም በየጊዜው እንዲታይልሽ ጠይቂ።

አሁን ስለ ትል ልንገርሽ፤ ይህን ሳታውቂ እንዳትቀጥዪ። ጅማ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ትሉ አንጀት ውስጥ ዓመታት ለመኖር የሚችለው የኛኑ አረጋጊ ሴሎች ቀስቅሶ ነው፤ መከላከያውን ሲያበርድ አለርጂውም አብሮ ይበርዳል ተብሎ ይታሰባል። እንዲህ ስልሽ ታዲያ ትል ይሻላል እያልኩ አይደለም፤ ደም ይመጥጣል፣ ሕፃን ያቀጭጫል። ላንቺ የሚሆነው ቁም ነገር ሌላ ነው። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል በባዶ እግር የሚገባ ትል አለ፤ ሰው ሳያውቀው ለአሥርት ዓመታት አብሮት ይኖራል። ፕሬድኒሶሎን ሲጨመርበት ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሳንባና ወደ ደም ሊሠራጭ፣ ሊገድልም ይችላል። አያታችን ዘንድ ክረምቱን በባዶ እግራችን ጭቃ ስንረግጥ ነው ያደግነው። ይህን ለሐኪሙ ንገሪው። አንድ ጊዜ የተሠራ ተራ የሰገራ ምርመራ ሊያመልጠው ይችላል፤ ለትል ሁሉ የምንውጠው አልቤንዳዞልም ለዚህኛው ደካማ ነው፣ የሚሻለው አይቨርሜክቲን ነው።

ቲቢም እንዲሁ ተኝቶ ኖሮ ሊነሣ ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለሽ «የለቡ አቧራ ነው» ብለሽ አትለፊው፤ አክታሽን አስመርምሪ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚደብቅ በትንሽ ትኩሳትም ጤና ጣቢያ ሂጂ። እንደ ቢጫ ወባው ያለ ሕያው ክትባት ለጉዞ ቢጠየቅሽ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትወጊ። መገጣጠሚያሽ ሲያምሽ ዲክሎፌናክ ገዝተሽ አትዋጪ፤ ጨጓራሽንም ኩላሊትሽንም ይጎዳል። ጨው ቀንሺ። ፀሐይ ሲበረታ ጃንጥላ ያዢ፣ ነጠላም ቢሆን ተከናነቢ፤ ፀሐይ ሉፐስን ይቀሰቅሳል። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ማንም አልከለከለሽም፤ በክኒንና በዱቄት የሚሸጠውን ግን ተዪው።

ክኒኑን ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ በልተሽ ዋጪው። ሰውነትሽ ኮርቲሶልን በብዛት የሚያወጣው ጠዋት ስለሆነ ከዚያ ጋር ይስማማል፤ ማታ ከዋጥሽው እንቅልፍ ይነሣሻል። ከሦስት ሳምንት በላይ ከወሰድሽው በኋላ ዕጢዎችሽ «ከውጭ እየመጣልኝ ነው» ብለው ሥራ ይፈታሉ፤ ድንገት ስታቆሚ ቶሎ አይነቁም። ያኔ ማስታወክ፣ ራስን መሳት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ከባሰም ሞት አለ። የሚቀነሰው በሐኪም ነው፣ ትንሽ በትንሽ። የፊትሽ እብጠት መጠኑ ሲቀንስ ይሄዳል፤ የተጎዳ ኩላሊት ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመለስም።

ያቺ ጓደኛሽ «ለእኔም አምጪልኝ፣ ልወፍርበት» አለችሽ አይደል? አንዲትም ፍሬ እንዳትሰጫት። ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን ከፋርማሲ የሚገዙ ልጆች አሉ፤ ያገኙት ሥጋ ሳይሆን ውኃና ስብ ነው፣ በዚያ ላይ ስኳርና የአጥንት መሳሳት። ይኸው መድኃኒት በኮቪድ ጊዜ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሕሙማን ሞትን በሲሶ ቀንሷል፤ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም። በቦታው ሕይወት ያተርፋል፤ ያለ ቦታው ጤነኛን ያሳምማል።

እናታችን ጠበል ልውሰድሽ ስትል አትጣያት፣ ሂጂ። ክኒኑን ግን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪው ዘመን መድኃኒትና ጠበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። በጾሙም ቢሆን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓት አለው። ስለ ልጅ መውለድም ዛሬ ልንገርሽ፣ ነገ እንዳትፈሪ፤ ሉፐስ ያለባት ሴት ትወልዳለች፤ በሽታው ቢያንስ ስድስት ወር ረግቶ፣ መድኃኒቱ ተመርጦ፣ ከሐኪም ጋር ታቅዶ ይሁን እንጂ።

ቀጠሮሽ ላይ ሁለት ነገር ሳታስደርጊ ግቢውን እንዳትለቂ፦ የሽንት ምርመራ፣ ፕሮቲን መኖሩን እንዲያዩልሽ፤ የደም ግፊት ልኬት። ኩላሊት ሲነካ መጀመሪያ አያምም፤ የሚታወቀው በነዚህ ነው። ክኒኑን ማቆም ባማረሽ ቀን ደግሞ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ።