የሥራ ፈጠራ ትምህርት፦ ከዩኒቨርሲቲ እስከ ሰበካ



ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሥራ ፈጠራን በጋራ ትምህርትነት እንዲወስዱ ተደርጓል። ጅምሩ በጎ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መንፈቀ ዓመት ተምረው ያለፉት ትምህርት ፈጥኖ ይረሳል። ስለዚህ በየትምህርት ክፍሉ ሊሰርጽ ይገባል እንላለን። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የወተትን ገበያ፣ የምሕንድስና ተማሪም የውኃ መሳቢያን ዋጋና ጥገና እዚያው በሙያው ውስጥ ቢማር፣ ዩኒቨርሲቲው ለተተከለበት አካባቢ ይተርፋል።

በልደታና በአካባቢዋ ይህን የሚያስረዳ ነገር አለ። በ1930ዎቹ የተከፈቱት ተግባረ እድና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንደኛው እጅን፣ ሁለተኛው ሒሳብን አስተማረ። ብረት የሚበይድ ወጣት ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል። (ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ አንርሳ፤ ሐዋ. 18፥3።)

ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆቻችንን በየሰንበቱ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እናገኛቸዋለን። ምክር ብቻ ሰጥቶ ማሰናበት አይበቃም። ሰበካው በዓመት ለጧፍ፣ ለዕጣንና ለልብሰ ተክህኖ ስፌት የሚያወጣውን ወጪ ከመዝገቡ አውጥቶ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይስጥ፤ እነርሱም የትኛው በሰበካው ወጣቶች ሊሠራ እንደሚችል አስልተው ያቅርቡ። ሒሳቡ ኪሳራ ካሳየም በግልጽ ይነገር፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ለጉባኤ መወያያ፦ ከእነዚህ ወጪዎች በቅድሚያ የትኛው ይጠና? መዝገቡንስ ለተማሪዎቹ የሚያስረክብ ማን ነው?