ማዞሪያው ገና ሲነካ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ ቤት የሠራሁት ማጉያ ድምፁ ትንሽ ሲከፈት ይጮኻል፤ ሲቀነስ ደግሞ የግራው ከቀኙ ይበልጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሲዲ ማጫወቻ በተለምዶ እስከ 2 ቮልት ያወጣል፤ ብዙ ማጉያዎች ግን ከዚያ ባነሰ ግብዓት ሙሉ ኃይላቸው ላይ ይደርሳሉ። በመካከል 10 እጥፍ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ማስገባት ትርፉ ጩኸትና ሽውታ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የፕሪአምፑ ማጉላት ይቀነስ።

የግራና ቀኙ መበላለጥ የድምፅ ማዞሪያው፣ ማለትም የፖቴንሽዮሜትሩ፣ ጣጣ ነው። ለጆሮ የሚስማማው ሎጋሪዝማዊው ዓይነት ቢሆንም፣ የርካሾቹ ሁለት ክፍሎች በዝቅተኛ ድምፅ ላይ እኩል አይሄዱም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዳል ድንቅ መፍትሔ አበጅቷል፦ ሊኒየር ፖቴንሽዮሜትር ማጉሊያው ዑደት ውስጥ ገብቶ ማጉላቱን ራሱን ይቀያይራል። ሚዛኑ ይጠበቃል፤ ድምፅ ሲቀነስ ሽውታውም አብሮ ይቀንሳል።

ፕሪአምፑን ትቶ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ የውጤት ኢምፔዳንሱ እስከ 2.5 ኪሎ ኦም ስለሚደርስ፣ ወደ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ ያሳጥር።