የጠቆረ ግድግዳ ስንት ብርሃን ይወስዳል?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ወደሚገኙት የገጠር መንደሮች ገብቶ ላስተዋለ ሰው የጠቆረ ግድግዳ አዲስ ነገር አይደለም። ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ቤት ምድጃው በዚያው ክፍል የሚነድ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ከጣሪያው ጀምሮ ጥላሸት ይለብሳል። በአንጻሩ በከተሞቹ ውስጥ በብሎኬት ቤት ከሠሩት መካከል ሳሎናቸውን በጥቁር ሰማያዊ፣ በቡናማ ወይም በደማቅ ግራጫ ቀለም የሚያስቀቡ አሉ። አንደኛው ወዶ ያጠቆረው፣ ሌላኛው ሳይወድ የጠቆረበት ነው፤ ብርሃን ግን በሁለቱም ቤት የሚገዛው በአንድ ሕግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ሕግ በቁጥር አስደግፈን እንመለከታለን።

ብርሃን ግድግዳ ሲያገኝ

እንደሚታወቀው ብርሃን አንድን ገጽ ሲመታ ከፊሉ ይንጸባረቃል፣ የቀረው ተመጥጦ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአዲስ ኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ጠቆር ያለ ቀለም የሚመልሰው 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ጥላሸት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በአንድ ነጸብራቅ አያበቃም። ከአንዱ ግድግዳ የተመለሰው ብርሃን ሌላውን ይመታል፣ ከዚያም ጣሪያውን፣ ከዚያም ወለሉን። የክፍሉ ገጾች በአማካይ የሚመልሱትን ድርሻ «መ» ብንለው፣ በመስኮት ወይም በመብራት የገባው ብርሃን በስተመጨረሻ የሚባዛው በ1 ÷ (1 − መ) ነው።

ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። በርና መስኮቱን ለጊዜው ብንተዋቸው ግድግዳው 45፣ ወለሉ 20፣ ጣሪያውም 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። የአፈር ወለሉ 20 በመቶ ይመልሳል እንበል። ግድግዳውም ኮርኒሱም ነጭ ከሆኑ (ኮርኒሱ ንጹሕ አቡጀዲ ቢሆንም ያው ነው) አማካዩ 0.66 ገደማ ስለሚሆን ብርሃኑ በ2.9 ይባዛል። ግድግዳውም ጣሪያውም ከጠቆሩ ግን አማካዩ ወደ 0.12 ይወርድና ማባዣው 1.1 ብቻ ይሆናል። ይኸውም በነጩ ክፍል አንድ መብራት የሚሰጠውን ብርሃን በጥቁሩ ክፍል ለማግኘት ሁለት ተኩል ያህል መብራት ያስፈልጋል ማለት ነው። ኩራዝ ለሚያበራ ወይም አንዲት የፀሐይ መብራት ብቻ ላለችው ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጠቆር ያለ ቀለም የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ኮርኒሱና ሦስቱ ግድግዳዎች ነጭ ሆነው ረጅሙ ግድግዳ ብቻ ቢጠቁር ማባዣው 2.2 ያህል ይሆናል። ኮርኒሱን ነጭ አድርጎ አራቱንም ግድግዳ ማጥቆር ግን ወደ 1.4 ያወርደዋል። እድፍ እንዳይታይ በማሰብ ከወለል እስከ 1 ሜትር ከፍታ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ዘይት ቀለም መቀባት በትምህርት ቤትና በቢሮ የቆየ ልማድ ነው፤ በዚህ ስሌት እርሱም ብርሃኑን ከ2.9 ወደ 2 ገደማ ይቀንሰዋል። ግማሽ ሜትር ቢበቃው 2.4 ይቀርለት ነበር።

የትኛው ግድግዳ ይጥቆር የሚለውም ጥያቄ መልስ አለው። መስኮት ያለበት ግድግዳ ከጠቆረ በደማቁ መስኮትና በጨለማው ዙሪያ መካከል ያለው ልዩነት ዓይንን ያጥበረብራል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ዋናው ገጽ ነው። ስለዚህ የሚሻለው ከጎን ያለው ነው።

ብርሃኑ ለማን ነው?

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10.7 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። በመሆኑም በታኅሣሥ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ፣ ከአድማስ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ደቡብን የሚያይ መስኮት በበጋ ፀሐይ ሲያገኝ በክረምት አያገኝም። በዚያ ላይ የክረምቱ ደመና ሲጨመር፣ ሰው ሁሉ ዝናቡን ሸሽቶ በሚገባበት ወቅት ቤቱ ይበልጥ ይጨልማል።

የጨለማው ጉዳት ለሁሉም እኩል አይደርስም። የ60 ዓመት ሰው የዓይኑ ብሌን ስለሚጠብና ሌንሱ ስለሚደበዝዝ፣ ወደ ሬቲናው የሚደርሰው ብርሃን ለ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። ወጣቱ ባለቤት «ይበቃል» ያለው ብርሃን ፈትል ለሚፈትሉት ወይም ከጤፍ ጠጠር ለሚለቅሙት እናቱ አይበቃም ማለት ነው። የቀለሙን ምርጫ እርሳቸው ቢወስኑ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ጠቆር ያለ ቀለም ቤት ያሞቃልን?

ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ውጫዊ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ሲጠቁር በእርግጥ ይግላል። በውስጥ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሌሊት ግድግዳና ሰው ሙቀት የሚለዋወጡት ዓይን በማያየው የታህተ ቀይ ጨረር ሲሆን፣ በዚህ ጨረር ዘንድ ነጭ ቀለምና ጥቁር ቀለም ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 90 በመቶ ገደማ ይመጥጣሉ፣ ያንኑ ያህልም ያመነጫሉ። ጥቁር ሳሎን የሚሞቅ የሚመስለው ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለም።

ጭቃ፣ ኖራና ዘይት ቀለም

የአካባቢው ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ሄማታይት ከተባለው የብረት ኦክሳይድ ነው። ፋብሪካ የሚያመርተው ቀይና ቡናማ ቀለምም በአብዛኛው ከዚሁ ንጥረ ነገር ይዘጋጃል፤ ጥቁሩ ደግሞ ከካርቦን። እነዚህ በራሳቸው ጉዳት የላቸውም። ሊፈራ የሚገባው እርሳስ ነው፤ በተለይ በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ዘይት ቀለሞች ውስጥ ይገኛል፣ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። አሮጌ ዘይት ቀለምንም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባልና።

ጭቃ ግድግዳ ደግሞ ዘይት ቀለም አይስማማውም። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ዘይት ቀለም መተንፈሻውን ሲዘጋበት ውኃው ከሥሩ ይጠራቀምና ልባሱ ይላጣል። ኖራ ግን እንፋሎት ያሳልፋል። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደም ቀስ በቀስ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ወደ ድንጋይነት ይመለሳል።

በተለይ ማድ ቤትን «ጥላሸቱ እንዳይታይ» ብሎ ማጥቆር የምንቃወመው አሠራር ነው። ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት በአየር ውስጥ ነበር፤ እዚያው ያለችው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ልጅም ተንፍሰውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ነጭ ግድግዳ ጭሱን አይቀንስም፣ ነገር ግን ያሳያል። ከምድጃው በላይ የአንድ ሰፌድ ስፋት ያህል በኖራ ቀብቶ በስንት ሳምንት እንደሚጠቁር መመልከት ማንም ቤተሰብ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው። የጭስ መውጫ ከተበጀ ወይም ምድጃው ከተለወጠ በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ቀብቶ ሳምንታቱን ማነጻጸር ይቻላል። እርጥብ ኖራ ዓይንን ክፉኛ ስለሚያቃጥል በሚቀባበት ጊዜ ልጆች ከአጠገቡ እንዲርቁ፣ ከራስ በላይ የሚቀባውም ሰው ዓይኑን እንዲሸፍን ያስፈልጋል።