የጀልባ ተሳቢ ጎማ ለረጅም ጉዞ እንዴት ይመረጣል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጎማ ነው፤ በተለይም ጀልባ ተጭኖበት በመኪና ስለሚጎተት ተሳቢ ጎማ። «እኛና ጀልባ ምን አገናኘን?» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ዓባያና ጫሞ ግን አሏት። ከውጭ የተገዛ ጀልባ ወደነዚህ ሐይቆች የሚደርሰው በውኃ ሳይሆን በየብስ፣ በጎማ ላይ ነው። ጣና ነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባም በ2017 ዓ.ም. ከጂቡቲ ወደ ጣና ጉዞዋን የጀመረችው በከባድ ተሳቢ ተጭና ነው። የዚያ ዓይነቱ ከባድ ተሳቢ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። እዚህ የምናነሳው በፒክአፕ ወይም በላንድክሩዘር የሚጎተተውን አነስተኛ የጀልባ ተሳቢ ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ ይበልጥ የተለመደው በሰሜን አሜሪካ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ምልክቶች የዚያ አገር ናቸው።

የትምህርቱ ዓላማ፦ አንባቢው በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቦ፣ አስልቶ፣ ጎማው ለጉዞው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን በራሱ እንዲወስን ማስቻል ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በፍጥነት ላይ ያለ ተሳቢ ጎማው ሲፈነዳ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ጎታቹንም መኪና ይዞ ይወጣል። በመንገዶቻችን ዳር ደግሞ ተማሪው፣ ገበያተኛውና ከብቱ አብረው እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን።

1ኛ/ የጀልባ ተሳቢ ጎማ ከሌላው በምን ይለያል?

የመኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው ጥርሱ ሲያልቅ ነው። የጀልባ ተሳቢ ጎማ ግን ጥርሱ ሳያልቅ ይሞታል። ምክንያቱም ተሳቢው በዓመት ጥቂት ቀን ይጎተትና የቀረውን ጊዜ ጭነቱን እንደተሸከመ በፀሐይ ላይ ቆሞ ይከርማል። የፀሐይ ጨረርና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ይሰነጣጥቁታል። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ረጅም መንገድ ይታዘዛል። ስለዚህ «ጥርሱ እንዳለ ነው፤ ገና አዲስ ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ሌላው ልዩነት፣ ሾፌሩ የተሳቢውን ጎማ አያየውም፤ በመሪውም ላይ በቶሎ አይሰማውም። የፊት ጎማ አየር ሲቀንስ መሪው ይናገራል፤ የተሳቢ ጎማ ግን እስኪቃጠል ድረስ ዝም ሊል ይችላል።

2ኛ/ በጎኑ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

«ኤስ ቲ 205/75 አር 15» የሚል ጎማ እንውሰድ።

ሀ/ «ኤስ ቲ» ማለት ጎማው ለተሳቢ ብቻ የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ከባድ ጭነት በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ሲገፋው ይቋቋማል። «ፒ» የቤት መኪና፣ «ኤል ቲ» የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው። የ«ፒ» ጎማ በተሳቢ ላይ ቢገባ የተጻፈለት የመሸከም ኃይል ለ1.1 ተካፍሎ መቀነስ አለበት።

ለ/ 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 75 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 75 በመቶ መሆኑን ይገልጻል።

ሐ/ «አር» ራዲያል ነው። በዚህ ቦታ «ዲ» ከተጻፈ ክሮቹ በሰያፍ የተጠላለፉ ናቸው። ራዲያል በረጅም መንገድ ላይ ያነሰ ስለሚሞቅ ለሩቅ ጉዞ ይመረጣል። ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ በአንድ ተሳቢ ላይ ማሰር ግን አይገባም።

መ/ 15 የቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ዲያሜትር በኢንች ነው።

ሠ/ የጭነት ደረጃ «ሲ»፣ «ዲ»፣ «ኢ» እየተባለ ይጻፋል። ይህ ጎማ ደረጃው «ሲ» ሲሆን በ50 ፒ.ኤስ.አይ. አየር 825 ኪሎ ግራም ይሸከማል። «ዲ» ሲሆን በ65 ፒ.ኤስ.አይ. 975 ኪሎ ይሸከማል። ልብ በሉ፤ መጠኑ አንድ ነው፤ በዓይን አይለዩም፤ ልዩነቱ ግን 150 ኪሎ ነው።

ረ/ የፍጥነት ፊደልም አለ። «ጄ» 100፣ «ኤል» 120፣ «ኤም» 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ፊደል ያልተጻፈበት የኤስ ቲ ጎማ በልማድ ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም።

3ኛ/ ሒሳቡ

ጎማ ከመግዛት በፊት ክብደት ይታወቃል። ከሁሉ የሚሻለው ተሳቢውን እንደተጫነ በመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። ይህ ካልተቻለ አንድ በአንድ መደመር ነው። ለምሳሌ፦

ጀልባው 1,150 ኪሎ
ሞተሩ 180 ኪሎ
ተሳቢው ራሱ 420 ኪሎ
150 ሊትር ቤንዚን 110 ኪሎ ያህል
መልሕቅ፣ ገመድ፣ ባትሪና ዕቃ 140 ኪሎ
ድምር 2,000 ኪሎ ግራም

ተሳቢው ባለ ሁለት ጎማ ቢሆን በእያንዳንዱ ላይ 1,000 ኪሎ ያርፋል። የ«ሲ»ው ጎማ (825) ጨርሶ አይሆንም። የ«ዲ»ው (975) 25 ኪሎ ይጎድለዋል። እዚህ ላይ ነው «25 ኪሎ ምን አላት!» የሚባለው። እርግጥ ከክብደቱ ጥቂቱ በጎታቹ መኪና ላይ ያርፋል። ነገር ግን ጭነቱ ለሁለቱ ጎማ እኩል አይከፋፈልም፤ ጉድጓድም ሲገጥም ጫናው ከፍ ይላል። ስለዚህ ለረጅም ጉዞ 20 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፦ 1,000 × 1.2 = 1,200 ኪሎ። ኤስ ቲ 225/75 አር 15 ደረጃ «ኢ» በ80 ፒ.ኤስ.አይ. 1,285 ኪሎ ስለሚሸከም ይበቃል። ይሁንና ቸርኬውም ያንን ግፊትና ጭነት የሚችል፣ ጎማውም ከጭቃ መከላከያው ጋር የማይነካካ መሆኑ ይታይ። ትልቅ ጎማ ደካማ አክሰል አያጠነክርም።

4ኛ/ ዕድሜው

ጎማው ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ። «2219» ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ግንቦት 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ ክርክር አያስፈልገውም።

ብዙ ባለሙያዎች የተሳቢ ጎማ 5 ወይም 6 ዓመት ሲሞላው እንዲለወጥ ይመክራሉ። በሱቅ ውስጥ በላስቲክ እንደተጠቀለለ የኖረ ጎማም ዕድሜው ይቆጠራል። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲል «መቼ ተሠራ?» ብሎ አኃዙን ማየት ነውር የለውም። ስኮርታውም እንዲሁ ያረጃልና አብሮ ይታይ።

5ኛ/ ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው

በደረጃ «ዲ» ጎማ ላይ 975 ኪሎ ሲያርፍ ኃይሉ 9,555 ኒውተን ያህል ነው። ግፊቱ 65 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 450 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት በግምት 212 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ የተማሪ ደብተር ገጽ ያነሰ ማለት ነው። አየሩ ወደ 300 ኪሎ ፓስካል ቢወርድ ስፋቱ ወደ 318 ከፍ ይላል፤ ጎማው ተኝቷል ማለት ነው። የተኛ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል። ይህ ጎማ በአንድ ዙር 2.16 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በ500 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ230 ሺህ ጊዜ በላይ ይታጠፋል። ሽቦን ደጋግመን ስናጣጥፈው እንደሚሞቅ ሁሉ ጎማውም ይሞቃል፤ ላስቲኩ ከክሩ ይላቀቃል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። የብዙ ተሳቢ ጎማ አሟሟት ይኸው ነው።

ስለዚህ አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የኤስ ቲ ጎማ በጎኑ ላይ እስከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ድረስ ይሞላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ 2 ወይም 3 ፒ.ኤስ.አይ. ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አንዳንድ ጎሚስታ «ሞቋል፤ ትንሽ እናስተንፍሰው» ቢል እሺ አይባልም። ማታ ሲቀዘቅዝ አየሩ ከሚገባው በታች ሆኖ ያድራል።

ከደጋ ወደ ቆላ መውረድም ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። የውጪው አየር ስለሚከብድ የመለኪያው ንባብ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ዝቅ ይላል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ከዚህ ግራ መጋባት የሚያድነው በአደሩበት ቦታ ጠዋት እንደገና መለካት ነው።

6ኛ/ በመንገድ ላይ

ሀ/ ጎማ ከተለወጠ በኋላ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ተሂዶ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ።

ለ/ በየዕረፍቱ የመንኮራኩሩ እምብርት በእጅ ጀርባ ይዳሰስ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ታሟል።

ሐ/ ሐይቅ ዳር እንደተደረሰ ተሳቢውን ወዲያው ውኃ ውስጥ አለመክተት። የጋለ እምብርት በድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል።

መ/ ተሳቢው ሲቆም ጎማዎቹ ከፀሐይ ይሸፈኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

መልመጃ

1. «3518» የሚል ጎማ በእኛ አቆጣጠር መቼ ተሠራ?
2. ባለ አራት ጎማ ተሳቢ እንደተጫነ 2,900 ኪሎ ይመዝናል። እያንዳንዱ ጎማ 825 ኪሎ ይሸከማል። 20 በመቶ መጠባበቂያ አለውን?
3. 700 ኪሎ የሚሸከም የ«ፒ» ጎማ በተሳቢ ላይ ቢገባ ስንት ኪሎ ይፈቀድለታል?

መልስ፦ 1/ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.። 2/ የለውም፤ 725 × 1.2 = 870 ስለሆነ 45 ኪሎ ይጎድለዋል። 3/ 636 ኪሎ።

ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ያለ አንዳች ወጪ ልትሰጡት ትችላላችሁ። በትምህርት ቤቱ በር የቆመ ማንኛውም መኪና መርጃ መሣሪያ ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ተማሪዎቹን ዙሪያውን አቁሙና የጎማውን ጽሑፍ አስነብቧቸው። ስፋትን፣ መቶኛን፣ ግፊትንና ዘመን አቆጣጠርን በአንድ ጎማ ላይ ያገኙታል። ምናልባትም ከመካከላቸው አንዱ ቤቱ ሄዶ የአባቱን መኪና ጎማ ያነብ ይሆናል።