በባሕር ዳር ጫካ ስለምትመገብ ታናሽ ወፍ

ጌታችን በወንጌል የሰማይን ወፎች እንድንመለከት ያዘዘን፥ የማይዘሩትንና የማያጭዱትን የሚመግብ የሰማይ አባት እንዳለን ሊያስታውሰን ነው። ይህን ትምህርት ሁላችን እናውቀዋለን። ዳሩ ግን አንዳንዶች ከዚሁ ተነሥተው፥ «ፍጥረቱን የሚመግብ እግዚአብሔር ነው፤ እንግዲህ ሰው ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ምን ያስጨንቀዋል?» ይላሉ። የዚህ አሳብ ስሕተት የሚገለጠው እግዚአብሔር ወፎችን በምን እንደሚመግብ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው ነው። ስለዚህ አንዲት ታናሽ ወፍ ለምሳሌ እናቀርባለን።

በመካከለኛው አሜሪካ ኮስታ ሪካ በምትባል አገር፥ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፥ የማንግሮቭ ሃሚንግበርድ የምትባል ወፍ ትኖራለች። ሃሚንግበርድ የሚባሉት ወፎች በአሜሪካ ምድር ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ በአገራችን አበባ ሲቀስሙ የምናያቸው ጥቃቅን ወፎች ጠባያቸው ቢመሳሰልም ወገናቸው ሌላ ነው። ይህችን ወፍ ሙልሳን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 እ.ኤ.አ. ለሊቃውንት አስታወቀ፤ ቡካር በተባለው በሌላ ፈረንሳዊ የወፍ ተመራማሪ ስምም ሰየማት። ከኒኮያ ባሕረ ሰላጤ እስከ ዱልሴ ባሕረ ሰላጤ ካለው ጠረፍ በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላትም።

ክብደቷ አምስት ግራም አይሞላም። ጀርባዋ አረንጓዴ፥ ሆዷ ወደ ነጭነት ያደላ ነው። ክንፏን ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ታርገበግባለች፤ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ወደ ኋላም ትበርራለች። እንዲህ ያለው በረራ ብዙ ምግብ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ቀኑን ሙሉ ከአበባ ወደ አበባ እየተመላለሰች ወለላ ትጠጣለች፤ ጥቃቅን ነፍሳትንም ትለቅማለች።

መምህራን በሥነ ፍጥረት ትምህርት ወፎች በዕለተ ሐሙስ ከውኃ እንደ ተገኙ ያስተምሩናል። ይህችም ወፍ ከውኃው ዳር አልራቀችም። ማንግሮቭ ባሕሩ በየዕለቱ ሞልቶ በሚሸሽበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሌላውን ዛፍ የሚያደርቀው ጨዋማ ውኃ እርሱን አያደርቀውም። ከማንግሮቭ ወገን ፔሊሲዬራ የሚባለው ዛፍ ትልልቅና ወለላ የሞላባቸው አበቦች አሉት፤ ወፊቱም ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ትመገባለች። ጎጆዋንም በዚያው ጫካ ሠርታ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ የሰማይ አባት ለዚህች ወፍ ያዘጋጀላት ማዕድ ይህ ዛፍ መሆኑን እናስተውል።

ማዕዱ ግን ለወፊቱ ብቻ አልተዘረጋም። በማንግሮቭ ሥሮች መካከል የዓሣ ግልገሎች ተሸሽገው ያድጋሉ። ሥሮቹ አፈሩን ይይዛሉ፤ የማዕበሉንም ኃይል ያበርዳሉ። ድኾች የባሕር ዳር ሰዎችም ፒያንጉዋ የተባለውን በዛጎል ውስጥ የሚኖር እንስሳ ከጭቃው ለቅመው በመሸጥ ቤተ ሰባቸውን ያስተዳድራሉ።

የዚህ ጫካ ብዙ ክፍል ለጨው ማምረቻና ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ሲባል ተመንጥሯል። መንገድና ግድብ የውኃውን መግቢያ በዘጋበትም ስፍራ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። የአገሪቱ ሕግ ማንግሮቭ መቍረጥን ይከለክላል፤ ቴራባ ሲየርፔ የተባለው ታላቅ ረግረጋማ ስፍራም በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ገብቷል። ሆኖም በስውር መቍረጡ አልቀረም፤ ወፊቱም ለመጥፋት ከተጋለጡት ፍጥረታት ጋር ተቈጥራለች።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እግዚአብሔር መግቦቱን በሥርዓት እንደሚፈጽም ነው። ወፊቱን በአበባው፥ አበባውን በዛፉ፥ ዛፉን በባሕሩ ሞላትና ጉድለት ይመግባል። ዛፉን ያለ አገባብ የሚቈርጥ ሰው የተዘረጋውን ማዕድ ይገለብጣል። ማዕዱን ገልብጦ ሲያበቃ «እግዚአብሔር ይመግባል» ቢል፥ ቃሉ እምነት መሆኑ ቀርቶ ፈጣሪን መፈታተን ይሆናል። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት ነበር። በኦሪት ዘዳግምም በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። ሰው ከፍጥረት እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል፤ ሥሩን እንዲነቅል ግን አልተፈቀደለትም።

በአብያተ ክርስቲያናታችን ዙሪያ ያለውን ደን አባቶቻችን ጠብቀው ያስረከቡን ይህን አደራ ስላወቁ ነው። ካህናት ይህን ለሕዝቡ ሊያስተምሩ፥ ምእመናንም አንድ ዛፍ ከመቍረጣቸው በፊት በእርሱ የሚመገበውን ሊያስቡ ይገባል። ባለማዕዱ በመጨረሻ ቀን ስለ ማዕዱ ይጠይቀናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።